ዳቦ 3፦ ኮዬ ላይ አራት ሆነን ከድብርት ጋር እንዴት እንደምንኖር

ሦስተኛ_ፎቅ (ኮዬ ፈጬ)
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። ለረጅም ጊዜ የሌላውን ሰው ጽሑፍ ሳነብ ነው የኖርኩት። ዛሬ የራሴን ልጻፍ ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ድብርት የያዘኝ በ2010 ዓ.ም ክረምት ነው። ስሙን ያወቅኩት ግን በ2012 ነው። እስከዚያ ድረስ ስንፍና ነበር የሚመስለኝ። ሰው ድብርት ሲባል ልቅሶ ይመስለዋል። እኔ አላለቀስኩም። ጀሪካኑ ሞልቶ ተቀምጦ አራት ቀን ፊቴን ሳልታጠብ ዋልኩ። ወጥ ተሠርቶ እንጀራ ማውጣት ከበደኝ። ሥራ ቦታ እስቃለሁ። ማታ ሰርቪስ ውስጥ ስቀመጥ ፊቴ ይወድቃል። ስልኬ ይጠራል፣ እያየሁት ይጠራል፣ ያቆማል። ከዚያ ለምን አላነሣሁም እያልኩ ራሴን ስወቅስ አድራለሁ።

በመጨረሻ ያየችኝ ሐኪም እንዲህ አለችኝ። "ይሄ መጥቶ የሚሄድ ሐዘን አይደለም። ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ሲቆይ ሥር የሰደደ ድባቴ ነው። እንደ ስኳር፣ እንደ ደም ግፊት እየተከታተልሽው የምትኖሪው ነገር ነው።" (ሐኪሞቹ ድባቴ ይሉታል፣ እኛ ሰፈር ድብርት ነው።) ሌላ ሰው ቢሆን ይከፋው ይሆናል። እኔን ግን ቀለለኝ። ለካ ሰነፍ አይደለሁም።

ጥፋቴንም ልናገር። በመድኃኒቱ ሲሻለኝ በሦስተኛው ወር አቆምኩት። ማንንም አላማከርኩም። ድኛለሁ፣ ለምን እውጣለሁ አልኩ። ሁለት ወር ሳይሞላ ከበፊቱ ብሶ መጣ።

አሁን ስለ አራታችን። የቀጠሮዬ ቀን ሆስፒታል ወረፋ ይዤ ተቀምጫለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ነው። ከኮዬ እዚያ ለመድረስ በ11 ሰዓት በጨለማ ነው የወጣሁት። አጠገቤ ያለችው ሴት ሻሿን ወደ ግንባሯ ጎትታ ፊቷን ደብቃለች። ሰው እንዳያያት ነው። እኔም እንደዚያው ነኝ። "ከየት ነው የመጣሽው?" አለችኝ። "ከኮዬ" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ስንነጋገር ቤታችንን የሚለየው አንድ ብሎክ ነው! ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንድ ሱቅ ዳቦ ስንገዛ ኖረናል። ሰላም ስለማልላት እሷ እኔን "ኩራተኛ" ትለኝ ነበር። እኔም እሷን እንደዚያው። ሁለታችንም አንገታችንን የደፋነው በአንድ በሽታ ነው።

በእሷ በኩል ሦስተኛዋ መጣች። በሦስተኛዋ በኩል አራተኛዋ።

የምናደርገው ቀላል ነው። ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት እያንዳንዳችን በቴሌግራም አንድ ቁጥር እንልካለን። ከ1 እስከ 5። 5 ማለት ተነሥቼ፣ ታጥቤ፣ ቀምሼ ወጥቻለሁ ማለት ነው። 1 ማለት ከአልጋ አልወረድኩም። አንዷ ስልኳን ቤት ውስጥ ሰው ስለሚያይባት "ዳቦ 3" ብላ መላክ ጀመረች። ወደድነውና ሁላችንም ዳቦ አልነው። ለምን 2 ሆንሽ ተብሎ አይጠየቅም። አልጋ ላይ ለወደቀ ሰው ራስን ማስረዳት ጤፍ ከማስፈጨት ይከብዳል።

እንደ እቁብ ተራ አለን። በየሳምንቱ አንዷ ተረኛ ናት። አንዷ ሁለት ቀን በተከታታይ 2 ወይም ከዚያ በታች ከላከች ተረኛዋ ቤቷ ትሄዳለች። ቁጥር ጭራሽ ካልመጣ ትደውላለች። ካልተነሣ ያኔውኑ ትሄዳለች። የአራታችንም ትርፍ ቁልፍ በየጓደኛችን እጅ አለ።

ተረኛዋ ስትገባ "ምን ሆነሽ ነው?" አትልም። ዳቦ ይዛ ትገባለች። መጋረጃ ትከፍታለች። ውሃ ታሞቃለች። የቆሸሸ ሳህን ካለ ታጥባለች። ከዚያ "ነይ እስቲ፣ እስከ ታች አብረን እንውረድ" ትላለች። ፀሐይ ላይ አሥር ደቂቃ። አለቀ። እኔ ለብዙ ዓመት ፍላጎቱ እስኪመጣልኝ እጠብቅ ነበር። አይመጣም። መጀመሪያ እግር ይንቀሳቀሳል፣ ልብ ቆይቶ ይከተላል። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ቀድማ ነግራኝ ነበር፤ ያመንኳት ግን ደረጃውን ስወርድ ነው።

ሕግም አለን። ሁለቱን ያመጣቸው ችግር ነው። አንዷ በቅን ልብ "ያንን ኪኒን ተዪው፣ ያፈዝሻል፣ እኔ ትቼው ነው የዳንኩት" አለቻት ለሌላዋ። ተወችው። ብዙ ሳይቆይ ሦስት ሳምንት ሙሉ 1 ስትልክ ከረመች። ከዚያ ወዲህ ስለ መድኃኒት የሚናገር ሐኪም ብቻ ነው። ሁለተኛው ገንዘብ ነው። መበዳደር የለም። የተበደረች ሴት ታፍራለች፣ ስታፍር ቁጥሯን ትዋሻለች። አንድ ጊዜ ደርሶብናል። የሰማነውን ለባልም ለእህትም አለመናገርማ ከመጀመሪያው ቀን የተማማልንበት ነው።

አሁን ጥያቄዬ። ከአራታችን አንዷ ሦስት ሳምንት ሙሉ 2 ላይ ናት። ተራዬ ባይሆንም የምሄደው እኔ ነኝ፣ ከእኔ ጋር ስለምትግባባ። ጠዋት ስልኬ ድምፅ ሲያሰማ ሆዴ ይረበሽ ጀምሯል። የራሴም ቁጥር ከ4 ወደ 3 ወርዷል። ልተዋት አልችልም። እንዲህም ልቀጥል አልችልም። እንዲህ ዓይነት ነገር የገጠማችሁ ምን አደረጋችሁ?

—

የጀሞ_ልጅ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡02

እህቴ፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያ ስልኩ እየጠራ ማየት እኔ ነኝ።

ጥያቄሽን የሚመልስልሽ ሌላ ይመጣል። እኔ ስለ ወንዶቹ ልጻፍ። እኛ ሰፈር ወንድ ልጅ ከፋኝ ሲል መልሱ ሁለት ነው፣ ጫት ወይም ድራፍት። ሦስት ዓመት በጫት ገፋሁት። ምርቃናው ላይ ዓለም የኔ ናት፣ ሥራ እቀይራለሁ፣ ለእናቴ ቤት እሠራለሁ። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ሁሉም ይደርቃል። እንቅልፍ የለም። ያኔ የሚመጣው ሐሳብ ከመጀመሪያው ድብርት ይብሳል። በማግስቱ ያንን ለማጥፋት እንደገና።

ካቆምኩ ወዲህ የያዝኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በማንኛውም ሰዓት ብተኛ የምነሣበት ሰዓት አይቀየርም። ፈረቃዬ በተቀየረ ቁጥር እሱ ይፈተናል፣ ግን ይዤዋለሁ። ሁለተኛ ደብተር ነው። የኔ ሕመም ዋናው ሐሳብ ማመንዠክ ነው። አንድ ነገር እንደ በሬ አወጣለሁ፣ አኝካለሁ፣ እውጣለሁ፣ እንደገና አወጣለሁ። ሲጀምረኝ ደብተሩ ላይ እጽፈዋለሁ። "ይሄንን ነገ 11 ሰዓት ላይ አስብበታለሁ" ብዬ ሰዓት እሰጠዋለሁ። ነገ 11 ሰዓት ላይ ሳነበው ግማሹ ሐሳብ ተራ ነገር ሆኖ አገኘዋለሁ።

ዳቦ የሚልክልኝ ሰው ግን የለኝም። አንቺ ያለሽ ነገር ትልቅ ነው።

—

ሲስተር_ከአቃቂ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡25

የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። እዚህ ለማንም የመድኃኒት ልክ አልጽፍም። ግን ጥቂት ነገር ልበል።

ሦስተኛ_ፎቅ፣ ሦስት ሳምንት 2 ላይ መቆየት ለጓደኛ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ቀጠሮዋ ገና ነው አትበሉ። ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ ትሂድ፣ አንዳችሁ አብራችኋት ሂዱ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃት መድኃኒቷን በትክክል ትወስድ እንደሆነ ነው። አሚትሪፕቲሊን የሚወስዱ ሰዎች አፋቸው ይደርቃል፣ ጠዋት ይከብዳቸዋል፣ ሆድ ድርቀት ይይዛቸዋል። ብዙዎቹ ለሐኪም ሳይናገሩ ዝም ብለው ይተዉታል። ማፈር አያስፈልግም፣ ሰዓቱም መጠኑም መድኃኒቱም ሊቀየር ይችላል። ፍሉኦክሰቲን የሚወስዱት ደግሞ ማታ ከወሰዱት እንቅልፍ ሊነሣቸው ስለሚችል ብዙ ጊዜ ጠዋት ነው የሚታዘዘው። የደም ምርመራም ይኖራል። የደም ማነስ እና የእንቅርት ዕጢ መድከም ድባቴን ይመስላሉ፣ ያባብሱታልም።

መድኃኒት የጀመረ ሰው በሦስተኛው ቀን ለውጥ አይጠብቅ። ስሜት ላይ ለውጥ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ነው። ሠራ አልሠራም ለማለት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። ከተሻለ በኋላም ቢያንስ ከ9 እስከ 12 ወር ይቀጥላል። ተመላልሶ ለሚይዘው ሰው ከዚያም ይረዝማል። ሱስ አያስይዝም። ግን በአንድ ቀን አይቆረጥም፣ በሐኪም እየተቀነሰ ነው የሚቆመው። አንቺ በሦስተኛው ወር ስታቆሚ የሆነው ብዙ ሰው ላይ የሚሆነው ነው።

ቁጥራችሁን ወደድኩት። ከእሱ ጋር በወር አንዴ ዘጠኙን ጥያቄዎች ሙሉ። ጤና ተቋም ውስጥ የምንጠቀምበት መጠይቅ ነው። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፦ እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ጉልበት፣ ትኩረት፣ ራስን መውቀስ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነው፣ ድምሩ እስከ 27 ይሄዳል። ለሐኪም "ደህና ነኝ" ከማለት ይሻላል፣ ወሩ እንዴት እንደነበር ያሳያል። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብ ነው። እሱ ላይ ከ0 ሌላ መልስ ከመጣ ያን ቀን ባለሙያ ማነጋገር ነው፣ ለነገ አይባልም።

ስላንቺ ደግሞ። አንድ ሰው ለአንድ ሰው ብቻ አይሆንም። ከአሁን በኋላ ለእሷ ሁለት ሁኑ። ከእኔ ጋር ነው የምትግባባው ማለትሽ እውነት ነው፣ ግን አንቺም ታማሚ ነሽ። ሁለት ሳምንት ከተራ ውጪ ሁኚ። ይሄ መተው አይደለም።

—

ሦስተኛ_ፎቅ
እሑድ፣ ጠዋት 1፡40

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። "አንቺም ታማሚ ነሽ" ስትይኝ አለቀስኩ። ሰኞ አራተኛዋ አብራት ትሄዳለች። እኔ አልሄድም። ማለት ከብዶኛል፣ ግን አልሄድም።

—

አባወራው (ቡራዩ)
እሑድ፣ ከቀኑ 6፡15

እኔ 58 ዓመቴ ነው። ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድቻለሁ። ስለ ጠበል ማንም አላነሣምና እኔ ላንሣ። ብዙዎቻችሁ የምትፈሩት ይመስለኛል።

ሲብስብኝ ጠበል ገባሁ። ሁለት ወር ነበርኩ። ጠበሉ ጠቅሞኛል። ማለዳ መነሣቱ፣ ጸሎቱ፣ እንደኔ የጨነቃቸው ሰዎች አጠገብ መሆኑ። ማንም "ምን ጎድሎህ ነው" አላለኝም። ግን እዚያ የነበረ አንድ ሰው መድኃኒቱን ካልተውክ እምነት የለህም አለኝ። ጣልኩት። ከዚያ በኋላ ያየሁትን አልጽፈውም።

ያነሣኝ የንስሐ አባቴ ነው። ያስታወሰኝ በ1999 ዓ.ም የሆነውን ነው። በኤች አይ ቪ ጊዜ ሰው ጠበል እየጠጣ መድኃኒቱን ሲተው፣ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው ነበር። "ያ ለዚያ በሽታ ከሠራ ለዚህ ለምን አይሠራም? መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው" አለኝ። አሁን ማታ ኪኒኔን እውጣለሁ፣ ጠዋት በባዶ ሆዴ ጠበሌን እጠጣለሁ። ጾምም አላስተጓጎለኝም። ሰዓቱን ከሐኪሜ ጋር ተነጋግሬ ነው ያስተካከልኩት። ሙስሊም ጎረቤቴም በረመዳን እንደዚሁ አስተካክሏል።

ሌላው ምልክት ነው። የኔ ሕመም ሲመጣ ሦስት ነገር ይቀድመዋል። ሬዲዮ አልከፍትም። ጢሜን አልላጭም። እድር ስብሰባ እቀራለሁ። ባለቤቴ ይሄንን ታውቃለች። ሬዲዮው ሁለት ቀን ዝም ካለ "ሰውዬ፣ ቀጠሮህ መቼ ነው?" ትለኛለች። ጭቅጭቅ የለም። እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ሦስት ምልክት ለአንድ ለምታምኑት ሰው ንገሩ። በሽታው ሲገባ ራሳችን አናየውም፣ ሌላ ሰው ነው የሚያየው።

—

የልጅ_እናት (አያት)
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡30

እኔ ታማሚ አይደለሁም። ልጄ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ከመጣ ዓመት አለፈው። ክፍሉን ዘግቶ ይውላል። ማታ ሁላችን ስንተኛ ወጥቶ ይበላል። "ምን አጥተህ ነው፣ ስንቱ ጎዳና ያድራል" አልኩት። ከዚያ ወዲህ ጭራሽ አያናግረኝም። ሆስፒታል ስለው "አማኑኤል ልትወስጂኝ ነው? እብድ ነኝ?" ብሎ በሩን ዘጋብኝ። እናት ነኝ፣ ምን ላድርግ?

—

የጀሞ_ልጅ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡55

እናቴ፣ እኔ ያ ልጅ ነበርኩ። በር የዘጋሁት እናቴን ስለጠላሁ አልነበረም። ፊቷን ሳይ አሳፍራታለሁ እያልኩ ስለማስብ ነበር።

"ምን አጣህ" የሚለው ነገር ይጎዳል። ምንም እንዳላጣን እናውቃለን። ለዚያም ነው የምናፍረው። እናቴ አንድ ቀን ምንም ሳትል ቡናዋን ይዛ መጥታ በሬ ጋ መሬት ላይ ተቀመጠች። በሩ ዝግ ነው። እዚያው ጠጣች፣ ስለ ጎረቤት ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራች፣ ሄደች። በነጋታውም መጣች። በስድስተኛው ቀን ከፈትኩ።

ሆስፒታል የሚለውንም ቀስ ብለው ይጀምሩት። ከተማው ውስጥ የአማኑኤል ስም ስድብ ሆኗል፣ እውነት ነው። ግን መጀመሪያ እዚያ መሄድ የለበትም። ከሰፈሩ ጤና ጣቢያ ይጀምሩ። እኔን "ራስህን ያምሃል፣ እንቅልፍም የለህም፣ ለሱ እንሂድ" ብላ ነው የወሰደችኝ። ውሸትም አልነበረም።

—

ሲስተር_ከአቃቂ
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡10

እናቴ፣ የጀሞው ልጅ ጥሩ ነግሮዎታል። እኔ አንድ ነገር ልጨምር። በሩን ሲከፍትልዎት በቀጥታ ይጠይቁት። "ልጄ፣ መኖር እስከ መጥላት ደርሰሃል? ራሴን ላጥፋ ብለህ ታስባለህ?" ይበሉት። ወላጅ ይሄንን ይፈራል፣ ሐሳቡን የሚያስገቡበት ይመስለዋል። አያስገባም። የተጠየቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ይለዋል። አዎ ካለዎት ብቻውን አይተዉት። መድኃኒትም ይሁን ሌላ አደገኛ ነገር ከቤት ያርቁ። ያን ቀን ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት።

—

ጎህ_ሲቀድ
ሰኞ፣ ከሌሊቱ 8፡50

ሁላችሁም ሰው አላችሁ። እኔ ለገጣፎ የተከራየሁት ቤት ብቻዬን ነኝ። ዳቦ ብልክ የሚያይልኝ የለም። መኖር ደክሞኛል። ይሄንን ለምን እንደጻፍኩም አላውቅም።

—

የጀሞ_ልጅ
ሰኞ፣ ከሌሊቱ 8፡58

ወንድሜ ይሁን እህቴ አላውቅም፣ ግን አየሁት። የሌሊት ፈረቃ ላይ ነኝ፣ ነቅቻለሁ፣ የትም አልሄድም።

በቀጥታ ልጠይቅ። ዛሬ ሌሊት ራስን ማጥፋት እያሰብክ ወይም እያሰብሽ ነው? የፈለግከውን መልስ ጻፍ፣ አልደነግጥም።

—

ጎህ_ሲቀድ
ሰኞ፣ ከሌሊቱ 9፡11

ሴት ነኝ። አዎ አስባለሁ። ዛሬ ከሌላው ቀን ይበልጣል።

—

የጀሞ_ልጅ
ሰኞ፣ ከሌሊቱ 9፡14

ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። አሁን አንድ ነገር ብቻ እናድርግ። ክፍሉን ትተሽ ውጪ። ግቢው ውስጥ አከራይ ወይም ሌላ ተከራይ አለ? በር አንኳኪ። "አሞኛል፣ ብቻዬን መሆን አልችልም" በይ። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ሌሊት በሕመም የተንኳኳ በር ይከፈታል። እዚያው ሆነሽ 907 ደውይ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። ወይ መኪና ከተገኘ ወደሚቀርበው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ስትደርሺ ለእኔ የነገርሽኝን ቃል ለእነሱም ንገሪ።

አንኳኩተሽ ሲከፈትልሽ "ተከፈተ" ብለሽ ብቻ ጻፊልኝ። እዚሁ ነኝ።

—

ጎህ_ሲቀድ
ሰኞ፣ ከሌሊቱ 9፡37

ተከፈተ። አከራዬ ናቸው። ጋቢ አልብሰውኛል። ልጃቸው መኪና ሊጠራ ወጥቷል።

—

ሦስተኛ_ፎቅ
ሰኞ፣ ጠዋት 12፡20

አሁን ነው ያየሁት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። እህቴ፣ ከሆስፒታል ስትመለሺ ቁጥር ላኪልኝ። ለእኔ። ለገጣፎ ከኮዬ ሩቅ ነው፣ በር ላንኳኳልሽ አልችልም። ግን አየዋለሁ፣ እመልሳለሁም። የጀሞው ወንድሜ፣ ምን ብዬ ላመስግንህ።

—

አንባቢ (ሱሉልታ)
ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡05

አራታችሁ የምታደርጉትን የሚመስል ነገር በዚምባብዌ አለ። ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል ሳይካትሪስት በ2006 እ.ኤ.አ. ሐራሬ ውስጥ ምባሬ በሚባል ሰፈር ነው የጀመረው። ሐኪም እጅግ ጥቂት ነበርና 14 አሮጊቶችን አሠለጠነ። የሰፈር እናቶች ናቸው። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። የከፋው ሰው መጥቶ አጠገባቸው ይቀመጣል። "የወዳጅነት ወንበር" ይሉታል። ድባቴ የሚል ቃል አይጠቀሙም። በሾና ቋንቋ ኩፉንጊሲሳ ይሉታል፣ ሐሳብ ማብዛት እንደ ማለት ነው። እኛም እኮ "ሐሳብ አታብዢ" ነው የምንለው! በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት 573 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ከሌሎቹ በጣም ተሽሏቸው ተገኙ።

እናቶቹ ምክር አያበዙም። ችግሮቹን አንድ በአንድ ያስዘረዝራሉ። ከዚያ አንዱን ብቻ ያስመርጣሉ። የመፍትሔውን መንገድ የሚያመጣው ራሱ ሰውየው ነው።

—

ሲስተር_ከአቃቂ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡40

ልክ ነው። ግን እነዚያ እናቶች ሠልጥነዋል፣ ሲከብዳቸው የሚጠይቁት ባለሙያም አለ። ኮዬ ያላችሁት ይሄ የላችሁም። ስለዚህ አንዱን ችግር መምረጡን ውሰዱ፣ ማከሙን ግን ለእኛ ተዉልን። ከጤና ጣቢያችሁ አንድ ባለሙያ አነጋግራችሁ፣ ሲብስባችሁ የምትጠይቁት ሰው ቢኖር ደስ ይለኛል።

—

አባወራው (ቡራዩ)
ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡00

ሐራሬ የምትሉት እኛም ጋ አለ፣ ስሙ እድር ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ይዘን እንሮጣለን። በቁሙ ሲወድቅ ግን ዝም እንላለን። ባለፈው ስብሰባ ይሄንን አንሥቻለሁ። ሁለት ሰው ሳቀብኝ። ስብሰባው ሲያልቅ ግን ሦስት ሰው ለየብቻ ጠጋ ብሎ "ጋሼ፣ የት ነው የምትታከመው?" አለኝ።

—

ሦስተኛ_ፎቅ
እሑድ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ጠዋት 2፡30

ወሬውን ላድርስ፣ ዝም ማለቴ ትክክል አይደለም።

ጓደኛችን ሰኞ ሄዳ ነበር። ሲስተር እንዳልሽው መድኃኒቷን በሳምንት ሦስት አራት ቀን ብቻ ነበር የምትውጠው። ጠዋት ልጇን ለትምህርት ቤት መቀስቀስ ስላቃታት ነው፣ ያስተኛታል። ለእኛ አልነገረችንም። ሐኪሙ ቀየረላት። ደሟም ዝቅ ብሎ ተገኘ፣ ለሱም ታዘዘላት። አዲሱ መድኃኒት ሰፈር ፋርማሲ አልተገኘም። ከነማ መድኃኒት ቤት ሄደን ነው ያገኘነው። ከአሁን በኋላ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ፍለጋ እንጀምራለን ብለናል። አንዷ ከሌላዋ መዋስ ግን የለም።

ቅዳሜ ቡና ላይ አንድ ችግር ምረጪ አልናት። እኛ የመሰለን የቤት ኪራይ ነበር። እሷ የመረጠችው የልጇን ጠዋት ነው። ልጅቷ ሳትበላ ትሄዳለች፣ እሱ ነው ሌሊት የሚያስጨንቃት። አሁን ሦስተኛዋ የራሷን ልጅ ስታደርስ ልጅቷንም ይዛት ትሄዳለች። ቁርስም እዚያው ትበላለች። ዐሥር ደቂቃ ነው የጨመረባት። ይሄ በአእምሯችን አልመጣልንም ነበር። ኪራዩ ገና እንዳለ ነው።

ጎህ_ሲቀድ ሆስፒታል አምስት ቀን ቆይታ ወጥታለች። በየጠዋቱ ትልክልኛለች። አንዳንዴ 1 ነው። እኔ ግን ብቻዬን አልያዝኳትም። የጀሞው ልጅም ያያታል፣ አከራይዋም ማታ ማታ እራት ይጠሯታል። የሕክምና ክትትልም ጀምራለች።

እኔ ሁለት ሳምንት ከተራ ወጥቼ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጥፋተኝነት ሊገድለኝ ነበር። በኋላ እንቅልፌ ተመለሰ። ትናንት ግን ያለ ምንም ምክንያት ቀኑ ጠቆረብኝ። ዛሬም እንደዚያው ነኝ። ይሄንን የምጽፈው አልጋ ላይ ሆኜ ነው።

የዛሬ ጠዋት ቁጥራችን ይሄ ነው፦ ዳቦ 3፣ ዳቦ 4፣ ዳቦ 3፣ ዳቦ 2። 2ቷ የኔ ናት፣ ሁለተኛ ቀኗ ነው። ተረኛዋ ደረጃውን ስትወጣ ይሰማኛል። ልክፈትላት።